ስለ በግ የሳንባ ምች፤ የሕዋሱም የነርቩም ድርሻ

በደጋ አገር በግ ያረባ ሰው ይህን በሽታ በስሙ ባያውቀው በመልኩ ያውቀዋል። ትናንት ከመንጋው ጋር ሲግጥ የዋለ ጠቦት ዛሬ ጠዋት ከበረት አልወጣም ይላል። ጆሮው ወድቋል፣ ከአፍንጫው ፈሳሽ ይወርዳል፣ ጎኑ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ሲነኩት ትኩስ ነው። አንዳንዱማ ምንም ምልክት ሳያሳይ አድሮ ሞቶ ይገኛል። ባለሙያ ሲጠየቅ «የሳንባ ምች ነው፣ ባክቴሪያ ያመጣው ነው» ይላል። መልሱ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ይኸው ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ በጎች አፍንጫና ቶንሲል ውስጥ ምንም ሳያደርግ ይኖራልና። ታዲያ አብሮ ሲኖር የከረመ ነገር በጉን በሁለት ቀን እንዴት ይገድለዋል?

መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ከዚያ ቀስ እያልኩ ላስረዳ። ሳንባውን ከሚያፈርሰው ነገር ትልቁ ክፍል የሚመጣው ከበጉ ከራሱ አካል ነው፤ ለባክቴሪያው ከሚሰጠው ምላሽ። ያን ምላሽ የሚሰጡት ደግሞ የደም ሕዋሳት ብቻቸውን አይደሉም፤ ነርቭም በነገሩ አለበት። ይህ የነርቭ ድርሻ በትምህርት ቤት በጥድፊያ የሚታለፍ ስለሆነ ዛሬ ረዘም አድርገን እንቆይበታለን።

ከባክቴሪያው እንጀምር። ዋናው ማንሃይሚያ ሄሞሊቲካ ይባላል። በቆዩ መጻሕፍት ፓስቱሬላ ሄሞሊቲካ ተብሎ የምታገኙት እሱኑ ነው፤ የአሁኑ ስም የተሰጠው በ1999 ነው (በዚህ ትምህርት የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፓስቱሬላ መልቶሲዳና ቢበርስታይኒያ ትሬሃሎሲ የተባሉ ዘመዶችም አሉት፤ እነሱም በግ ያሳምማሉ። ሁሉም ዕድል ጠባቂዎች ናቸው። በጉ ብርድ ሲመታው፣ በመኪና ተጭኖ ረጅም መንገድ ሲሄድ፣ በጠባብ በረት ሲታጨቅ፣ ጡት ሲጥል፣ ወይም ፓራኢንፍሉዌንዛ 3ን የመሰለ ቫይረስ ሲይዘው አፍንጫው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። በእኛ አገር የሳንባ ትልና የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታም ይህንኑ በር ይከፍታሉ። ከዚያ ባክቴሪያው በትንፋሽ ጠብታ ተሸክሞ ወደ ሳንባ ይወርዳል።

መውረዱ ብቻውን በሽታ አይደለም። ጤነኛ ሳንባ የገባበትን ጥቂት ባክቴሪያ በሰዓታት ውስጥ ያጸዳዋል። በሽታው የሚጀምረው የወረደው በጣም ሲበዛ፣ ወይም ማጽጃው በቫይረስና በብርድ ሲዳከም ነው።

አሁን በዚህ በሽታ የሞተ በግ ደረት ተከፍቶ ከፊታችን አለ እንበል። መጀመሪያ የምናየው በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል የተጠራቀመውን ቢጫ ፈሳሽ ነው። የሳንባው የኋላና የላይ ክፍል ሮዝ ነው፤ በጣት ሲጫኑት ይለሰልሳል፣ አየር እንዳዘለ ያስታውቃል። የፊትና የታች ክፍሎቹ ግን ጠቁረው ቀልተዋል፤ ጠጣር ናቸው። ብዙ ጊዜ ክፉኛ የተጎዳው የቀኙ የፊት ክፍል ነው። በግን በመሰሉ አመንዣኪ እንስሳት ይህ ክፍል የራሱ የአየር ቧንቧ አለው፤ ቧንቧው ከዋናው የጉሮሮ ቧንቧ ላይ ገና ወደ ሁለት ከመከፈሉ በፊት ይገነጠላል። ስለዚህ ከላይ የሚወርደውን ሁሉ ቀድሞ የሚቀበለው እሱ ነው። በላዩ ላይ በጣት ሲልጡት የሚነሳ ግራጫማ ቢጫ ስስ ሽፋን ይታያል። ይህ ፋይብሪን ነው፤ ከደም የወጣ፣ የረጋ ፕሮቲን። ከጠጣሩ ክፍል በቢላ ትንሽ ቆርጣችሁ ውሃ ውስጥ ብትጥሉት ይሰምጣል። የጤነኛ በግ ሳንባ ይንሳፈፋል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። የአየር ከረጢቶቹን ሞልቶ ያን ቁራጭ ያሰመጠው ምንድን ነው? ከደም ሥር የፈሰሰ ፈሳሽ፣ ፋይብሪን፣ ቀይ የደም ሕዋስና እጅግ ብዙ ነጭ የደም ሕዋስ ነው። ባክቴሪያውም አለ፣ ግን ቦታውን የያዘው እሱ አይደለም። በጉን ያፈነው በአመዛኙ የራሱ ደም ውስጥ የነበረ ነገር ነው። ቀጥሎ የምናገረው ሁሉ ይህ ነገር ከደም ሥር ወጥቶ እዚያ እንዴት እንደደረሰ ነው።

ከሕዋሳቱ ሦስቱን እንለይ። የመጀመሪያው በአየር ከረጢቱ ውስጥ የሚዞረው ማክሮፌጅ ነው፤ የገባውን ባክቴሪያ ይውጣል፣ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ሌሎችን የሚጠሩ ኬሚካሎች ይለቃል። ሁለተኛው ሰውና አይጥ እምብዛም የሌላቸው፣ በግ ግን ያለው ተጨማሪ ማክሮፌጅ ነው፤ በሳንባው ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የሚኖር። በአይጥ ደም ውስጥ የገባን የባክቴሪያ ስብርባሪ በብዛት የሚለቅመው የጉበት ማክሮፌጅ ነው። በበግ ግን ትልቁን ድርሻ ሳንባው ይወስዳል። የባክቴሪያው የውጭ ሽፋን አካል የሆነው ኤንዶቶክሲን እነዚህን ሕዋሳት ሲነካ በደቂቃዎች ውስጥ ትሮምቦክሴን የሚባል ኬሚካል ይወጣል፤ የሳንባው የደም ሥሮች ይጨማደዳሉ፣ ግፊታቸው ይጨምራል። የበግ ሳንባ ለኤንዶቶክሲን እጅግ ስሱ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ኒውትሮፊል ነው። ይህ ሕዋስ ከደም ወጥቶ በሰዓታት ውስጥ በሚሊዮን የሚደርስ፣ ባክቴሪያን የሚውጥና በኢንዛይምና በተቆጣ ኦክሲጅን የሚገድል ነው። ማንሃይሚያ ለእሱ የተለየ መሣሪያ አዘጋጅቷል፤ ሊኮቶክሲን የሚባል መርዝ። መርዙ በነጭ የደም ሕዋስ ገጽ ላይ ያለውን ሲዲ18 የተባለ ፕሮቲን ይይዝና የሕዋሱን ሽፋን ይበሳል። የሚይዘው ደግሞ የአመንዣኪዎችን ሲዲ18 ነው፤ የሰውንና የፈረስን ነጭ የደም ሕዋስ በዚያ መንገድ አይገድልም። መርዙ ጥቂት ሲሆን ኒውትሮፊሉን ይቀሰቅሰዋል፣ ሲበዛ ይገድለዋል። የሞተው ኒውትሮፊል ለባክቴሪያው ያዘጋጀውን ኢንዛይም በሳንባው ሥጋ ላይ ይደፋዋል። በማይክሮስኮፕ ስታዩት የሞቱት ሕዋሳት ኒውክሊየሳቸው ተስቦ ረዝሞ፣ ወንዝ እንደሚፈስ ባንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ይገኛሉ። ይህን መልክ አንዴ ያየ የቤተ ሙከራ ሰው በሽታውን አይስተውም።

«እንግዲህ ኒውትሮፊሉ ባይመጣ ይሻል ነበር ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተሞክሯል። በ1985 በታተመ ሥራ፣ ኒውትሮፊሎቻቸው አስቀድመው በመድኃኒት እንዲያልቁ የተደረጉ ጥጆች በዚሁ ባክቴሪያ ሲያዙ የሳንባቸው ጉዳት ኒውትሮፊል ካላቸው ጥጆች ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ በኋላ የተሠራ ሌላ ሙከራ ግን ኒውትሮፊል በሌለበትም የሚደርስ ጉዳት እንዳለ አሳይቷል። ስለዚህ ኒውትሮፊልን ጠላት አድርጋችሁ አትያዙት፤ ያለ እሱ በግ ባክቴሪያን መቋቋም ይቸግረዋል። ጉዳዩ ምን ያህል መጣ፣ መቼ መጣ፣ ማን ጠራው የሚለው ነው።

ማን ጠራው ስንል ወደ ነርቩ ደረስን።

ነርቭን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከአካል ወደ አንጎል ወሬ ወሳጅ አድርገን ነው። ሳንባም በዋናነት ቬገስ በሚባለው ነርቭ በኩል ለአንጎል ይናገራል፤ ሳል የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ከቬገስ የሚወጡ እጅግ ቀጫጭን ክሮች በአየር ቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን ሥርና በሽፋኑ ሕዋሳት መካከል፣ በደም ሥሮች ዙሪያ፣ በእጢዎችና በጡንቻው ላይ ያልቃሉ። ነገር ግን እነዚህ ክሮች ሁለተኛ ሥራ አላቸው። ሲነኩ ወደ አንጎል ከመላካቸው ሌላ፣ እዚያው በተነኩበት ጫፍ ላይ ያከማቹትን ኬሚካል ይረጫሉ። አንጎልን አያስፈቅዱም፤ መልሱ እስኪመጣም አይጠብቁም።

ይህን በራሳችሁ አካል አይታችሁታል። በርበሬ ሲወቀጥ አጠገብ የቆመ ሰው ዓይኑ ይቀላል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ ያስለዋል። በርበሬው ቁስል አላደረሰበትም፤ ባክቴሪያም አልገባበትም። ካፕሳይሲን የሚባለው የበርበሬ ንጥረ ነገር የስሜት ነርቮቹ ጫፍ ላይ ያለ ቲ.አር.ፒ.ቪ.1 የተባለ ተቀባይ ነካ፤ ነርቮቹም አሳሉት፣ ሥሩንም አሰፉት። ሃንጋሪያዊው ያንቾና ባልደረቦቹ በ1967 በታተመ ሥራቸው ነርቩ ከተቆረጠ፣ ወይም አስቀድሞ በካፕሳይሲን ክምችቱ እንዲያልቅ ከተደረገ፣ እንዲህ ያለው መቅላትና ማበጥ እንደማይመጣ አሳዩ። ተቀባዩ ራሱ የተገኘው በ1997 ሲሆን፣ ግኝቱ ለዴቪድ ጁልየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ድርሻ አስገኝቶለታል።

ከሚረጩት ኬሚካሎች ለእኛ ጉዳይ ቀዳሚው ሰብስታንስ ፒ ነው። ኡልፍ ፎን ኦይለርና ጆን ጋዱም በ1931 ከፈረስ አንጎልና አንጀት አወጡት፤ የደም ግፊት ሲቀንስና አንጀት ሲኮማተር ነበር ያዩት። ምን እንደሆነ የታወቀው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው፦ አሥራ አንድ አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ሰንሰለት። ይህ ትንሽ ሰንሰለት በሳንባ የደም ሥር ላይ ያለውን ኤን.ኬ.1 የተባለ ተቀባይ ሲነካ የሥሩ ግድግዳ ሕዋሳት እርስ በርስ ይላቀቃሉ፤ በክፍተቱ ፈሳሽና ፕሮቲን ይወጣል። እጢውን ሲነካ አክታ ይበዛል። ኒውትሮፊሉን ለጥቃት ያዘጋጀዋል፤ ማክሮፌጁም ተጨማሪ ጠሪ ኬሚካል እንዲለቅ ይገፋፋዋል። ውሃ ውስጥ የሰመጠውን ቁራጭ ሳንባ አስታውሱ፤ ከሞሉት ነገሮች ውስጥ ለፈሳሹና ለፕሮቲኑ መንገድ ከሚከፍቱት አንዱ ይህ ነው።

ነገሩን በአገራችን ሥራ ልመስለው። ከብት ሰብል ውስጥ ገባ ተብሎ ኡኡ ሲባል መንደሩ ሁሉ ዱላ ይዞ ይሮጣል። ከብቱ ይወጣል፤ ሰብሉ ግን በሯጩ ብዛት ይረገጣል። ኡኡታው ባይኖር ከብቱ ሰብሉን ይጨርሰው ነበር። ኡኡታው ካላቆመ ደግሞ ሰው መምጣቱን አያቆምም። የስሜት ነርቩ በሳንባ ውስጥ ኡኡ ባዩ ነው።

የነርቩን ጥሪ በመጀመሪያ ከሚሰሙት ሕዋሳት አንዱ ማስት ሴል ነው። ፓውል ኤርሊኽ ገና ወጣት ሳለ በ1878 የገለጸው ይህ ሕዋስ ሆዱ በጥራጥሬ የተሞላ ነው፤ ጥራጥሬዎቹ ሂስታሚንና የፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ይይዛሉ። በሳንባ ውስጥ በአየር ቧንቧና በደም ሥር ዙሪያ ይኖራል፤ ብዙውን ጊዜም ከነርቭ ጫፍ አጠገብ። ሰብስታንስ ፒ ሲደርሰው ጥራጥሬውን ይዘረግፋል። ሂስታሚኑ ሥሩን ይበልጥ ይከፍታል፤ የነርቩንም ጫፍ መልሶ ይነካዋል፤ ነርቩም እንደገና ሰብስታንስ ፒ ይረጫል። አንዱ ሌላውን እያነሣሣ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ለቤተ ሙከራ ሰዎች አንድ ነገር ልንገር። ማስት ሴልን በማይክሮስኮፕ የምናየው ቶሉዊዲን ብሉ በተባለ ቀለም ነው። የቀረው ሥጋ ሰማያዊ ሲሆን የማስት ሴሉ ጥራጥሬ ወይን ጠጅ ሆኖ ይለያል። በማንሃይሚያ በተያዙ ጥጆች ሳንባ ላይ ተሠርቶ በ2000 የታተመ ጥናት፣ ብግነቱ በበረታበት ቦታ የማስት ሴል ቁጥር ቀንሶ እንደተገኘ ይናገራል። ተማሪ ይህን ሲያነብ «ማስት ሴል በዚህ በሽታ ቦታ የለውም» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ችኮላ ነው። ቀለሙ የሚይዘው ጥራጥሬውን ነው፤ ጥራጥሬውን ዘርግፎ የጨረሰ ማስት ሴል ቀለም አይይዝም፣ ቆጣሪውም አያየውም። አንዳንዱም በመርዙና በብግነቱ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በስላይድ ላይ ማነሱን በዚያ ቦታ ብዙ ሥራ እንደተሠራ ምልክት አድርጎ መውሰድ ይቻላል። ነርቩም እንዲሁ ነው፤ ሰብስታንስ ፒ ለይቶ የሚያሳይ ቀለም ደብዝዞ ስታዩ ነርቩ አልተሳተፈም ከማለታችሁ በፊት ክምችቱን ረጭቶ ጨርሶ እንደሆነ ጠይቁ።

እስካሁን ያልኩት ነርቩን በዳይ ያስመስለዋል። ግን እዚያው ማርገቢያም አለ። በአየር ቧንቧው ሽፋን ላይ ኒውትራል ኢንዶፔፕቲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ሰብስታንስ ፒን እየቆረጠ ያጠፋዋል፤ በጤናማ ሳንባ ጥሪው አጭር የሚሆነው ለዚህ ነው። ቫይረስ ሽፋኑን ሲልጠው ኢንዛይሙም አብሮ ይሄዳል፣ ጥሪው ይረዝማል። ቫይረስ ለባክቴሪያው በር ይከፍታል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ማጽጃው መዳከም ነው፤ ይህ ሁለተኛው ምክንያት እኩል ሊነገር ይገባዋል ባይ ነኝ።

ከዚህም ሌላ ያው የስሜት ነርቭ ከሰብስታንስ ፒ ጋር በአንድነት ሲ.ጂ.አር.ፒ. የሚባል ሠላሳ ሰባት አሚኖ አሲድ ያለው ኬሚካል ይረጫል። የደም ሥርን በኃይል ያሰፋል፤ ማክሮፌጅን ግን ያበርዳል። በ1970 የተገኘው ቪ.አይ.ፒ. የተባለ ሌላ የነርቭ ኬሚካል ደግሞ የአየር ቧንቧን ጡንቻ ያላላል፣ ብግነትንም ይቀንሳል። በ2018 በአይጦች ላይ የታተመ የሃርቫርድ ሥራ ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ አድርጎታል። ስታፊሎኮከስ ኦሬውስ በተባለ ባክቴሪያ ገዳይ የሳንባ ምች ከያዛቸው አይጦች ውስጥ የሕመም ነርቮቻቸው የጠፉት በተሻለ ሁኔታ ተረፉ። ምክንያቱም ነርቩ በሲ.ጂ.አር.ፒ. አማካይነት ኒውትሮፊሎችን ይገታ ነበርና ነርቩ ሲጠፋ ኒውትሮፊሎቹ በቶሎ ደርሰው ባክቴሪያውን አጸዱት።

ታዲያ ነርቩ ይጠራል ወይስ ይገታል? ሁለቱንም ያደርጋል፤ በየትኛው ሰዓት የትኛው እንደሚያመዝን ነው ወሳኙ። የአይጡን ውጤት አንሥታችሁ በበግ ላይ እንዳትጭኑት ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። በአይጡ ሙከራ ኒውትሮፊል ቶሎ መድረሱ ጠቀመ። በግ ውስጥ ግን የሚደርሰው ኒውትሮፊል ሊኮቶክሲን ይጠብቀዋል። ብዙ ኒውትሮፊል ቶሎ መጥቶ እዚያው ቢሞት ሳንባው ላይ የሚደፋው ኢንዛይም ይበዛል። በእኔ ግምት የበግ ሳንባ የሚያስፈልገው ባክቴሪያው ገና ጥቂት ሳለ፣ መርዙም ሳይጠራቀም የሚደርስ አጭር ጥሪ ነው።

ይህን የተረዳ ሰው በበረቱ የሚያየው ነገር ይለወጣል። በመንዝና በመሰል ብርዳማ አገሮች በግ ሌሊቱን በዝግ ቤት፣ አንዳንዴም ቤተሰቡ በሚያድርበት ጣሪያ ሥር ያሳልፋል። ብርዱን ለመከላከል ትክክል ነው። ነገር ግን ከሽንትና ከፋንድያ የሚወጣው አሞኒያ ወለሉ ላይ ነው የሚበረታው፣ የበጉም አፍንጫ ያለው እዚያው ነው። የኩበት ጭስ ሲጨመርበት እነዚያ ቀጫጭን ክሮች ባክቴሪያ ሳይመጣ ገና ሌሊቱን ሙሉ ሲነኩ ያድራሉ። ፋንድያውን ቶሎ ቶሎ መጥረግና ከበጉ ቁመት በላይ አየር ማስወጫ መተው ብርድ ሳያስገባ ይህን ይቀንሳል።

ሕክምናውም እንዲሁ። ኦክሲቴትራሳይክሊንን የመሰለ አንቲባዮቲክ በባለሙያ ትእዛዝ በመጀመሪያው ቀን ሲሰጥ ባክቴሪያውን ያቆመዋል፣ መርዙም አይጠራቀምም። በሦስተኛው ቀን ሲሰጥም ባክቴሪያውን ያቆመዋል፤ የአየር ከረጢቱን የሞላውን ፋይብሪን ግን አያወጣም። ገበሬው «መድኃኒቱ አልሠራም» ሲል ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ሠርቷል፣ ሳንባው ነው ቀድሞ የሞላው። ፍሉኒክሲንን የመሰለ ብግነት አርጋቢ አብሮ መስጠት ትኩሳቱንና የብግነቱን አንድ ክፍል ይቀንሳል፤ በሰብስታንስ ፒ ላይ ግን በቀጥታ አይሠራም። ዴክሳሜታዞን ሌላ ነገር ነው። ኒውትሮፊሉንም ማክሮፌጁንም ባንድነት ያዳክማልና፣ በጉ ለአንድ ቀን የተሻለው መስሎ ባክቴሪያው ሊያይልበት ይችላል።

የቀረው ክትባት ነው። አንዱ ዋና መከላከያ ሊኮቶክሲኑ ሲዲ18ን ከመያዙ በፊት የሚይዘው ፀረ እንግዳ አካል በበጉ ደም ውስጥ አስቀድሞ መኖሩ ነው። በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ለበግ ሲሰጥ የኖረው፣ ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት አምራች ብሔራዊ ተቋም የሚዘጋጀው ክትባት፣ የተሠራው ከፓስቱሬላ መልቶሲዳ ነው። ፓስቱሬላ መልቶሲዳ ደግሞ ይህን ሊኮቶክሲን አያመነጭም። ስለዚህ አንድ አርቢ መጥቶ «ተከትበው ነበር፣ ግን በጎቼ በሳንባ ምች አለቁ» ቢላችሁ ክትባቱ ተበላሽቷል ወይም መርፌው ስቷል ከማለታችሁ በፊት ከሞተው በግ ሳንባ፣ ከጠጣሩና ከለስላሳው ክፍል መጋጠሚያ ላይ፣ ናሙና ቆርጣችሁ በበረዶ ወደ ቤተ ሙከራ ላኩ። ባክቴሪያው ከሞተው መሐል ይልቅ በዚያ ጠርዝ ላይ በሕይወት ይገኛልና፣ የትኛው ዘመድ እንደገደለው የሚታወቀው ከዚያ ነው።